ስለ አፈር ናሙና አወሳሰድና ወደ መመርመሪያ ቤት አላላክ፤ ለዞንና ለወረዳ ሹማምንት እንዲሁም እርሻ ለሚያሳርሱ ሁሉ የተሰጠ ትምህርት

የአገር ሀብት መሠረቱ እርሻ፣ የእርሻም መሠረቱ አፈር መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን አፈር ሁሉ አንድ አይደለም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ቀዩና ጥቁሩ፣ ሸክላውና አሸዋው ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ የሚሹትም መድኃኒት ልዩ ልዩ ነው። ሰው በታመመ ጊዜ ሕመሙ ሳይመረመር መድኃኒት ቢውጥ ወይ ገንዘቡን ያጠፋል ወይ ሕመሙን ያብሳል። መሬትም እንዲሁ ነው፤ ጠባዩ ሳይታወቅ ማዳበሪያ ወይም ኖራ ቢጣልበት የገበሬው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል።

የአፈርን ጠባይ በዓይን አይቶ፣ በእጅ ዳስሶ መለየት የገበሬው የቆየ ጥበብ ነው፤ የሚናቅም አይደለም። ሆኖም በአፈሩ ውስጥ የተሰወረውን የፎስፎረስ ማነስ ወይም የኮምጣጣነቱን ልክ ዓይን አያየውም፤ እጅም አያገኘውም። ይህን የሚገልጸው ላቦራቶሪ በሚባለው መመርመሪያ ቤት የሚደረገው ምርመራ ነው። መመርመሪያ ቤቱ ግን የሚመረምረው የተላከለትን ብቻ ነው። የተላከለት አፈር የማሳውን እውነተኛ መልክ የማያሳይ የሆነ እንደ ሆነ፣ መሣሪያው ምንም ውድ ቢሆን፣ ሠራተኛውም ምንም ዐዋቂ ቢሆን፣ የሚወጣው መልስ ማሳውን የሚመለከት አይሆንም። ስለዚህ ሥራው የሚቃናው ወይም የሚበላሸው አስቀድሞ በማሳው ላይ ነው። ይህ ትምህርት የሚያስረዳው አፈሩ ከማሳው ተነሥቶ እስከ መመርመሪያ ቤቱ ደጃፍ፣ ውጤቱም ተመልሶ እስከ ገበሬው እጅ እስኪደርስ ድረስ ሊጠበቅ የሚገባውን ሥርዓት ነው። በውስጡ የተጻፉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩፤ ስለ ምርመራው ጥቅም

ጀርመናዊው ሊቅ ካርል ሽፕሬንገል በ1828 ዓመት፣ ከእርሱም በኋላ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1840 ዓመት፣ ተክል ከአፈር የሚመገባቸው ማዕድናት ብዙ መሆናቸውንና ከእነዚህ አንዱ እንኳ የጎደለ እንደ ሆነ፣ ሌሎቹ ቢበዙም እህሉ የሚያድገው በጎደለው ልክ ብቻ መሆኑን ለዓለም አስረዱ። ይህ ነገር አፉ በአንድ ወገን እንደ ተሸረፈ ጋን ነው፤ የቀረው ወገን ምንም ከፍ ቢል ውሃው ከሽራፊው አያልፍም። ስለዚህ ናይትሮጅን በበቂ ላለው ነገር ግን ፎስፎረስ ለጎደለው መሬት ዩሪያ ቢጨምሩበት፣ ጋኑ ሽራፊው ሳይጠገን ውሃ እንደ መጨመር ይሆናል።

በአገራችንም ለብዙ ዘመን በሰፊው ይታደል የነበረው ማዳበሪያ ዳፕና ዩሪያ ነበረ። እነዚህ ሁለቱ ፎስፎረስንና ናይትሮጅንን ብቻ የሚሰጡ ናቸው። በ2012 ዓመት የአገሪቱን አፈር በሰፊው መርምሮ በካርታ ላይ የሚያሰፍር ታላቅ ሥራ ተጀመረ። በዚያም ምርመራ በብዙ ወረዳዎች ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ መጉደላቸው ስለ ተገለጸ ልዩ ልዩ ማዕድን የተቀላቀለበት ማዳበሪያ ወጣ። ይህ ሁሉ የታወቀው በየማሳው ተዘዋውረው አፈር በሰበሰቡ ሰዎች ድካም ነው።

ኮምጣጣነትም ሌላው ብርቱ ችግር ነው። ዝናብ በሚበዛባቸው ደጋና ወይና ደጋ አገሮች፣ ይኸውም በወለጋ፣ በጎጃም፣ በአዊ፣ በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጋሞም ተራሮች፣ የዘመናት ጎርፍና ዝናብ ኖራማውን ማዕድን ከአፈሩ አጥቦ ስለ ወሰደ መሬቱ ኮምጥጧል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ወደ 40 ከመቶ የሚጠጋውን ይህ ነገር እንደሚያገኘው ይገመታል። በእንዲህ ያለው መሬት ላይ ገብስና ስንዴ ሥራቸው አጥሮ ይቀጭጫሉ፤ የተጣለውም ፎስፎረስ በአፈሩ ተይዞ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ነገር ግን ብርቱ ኮምጣጣነት ላለው መሬት የሚያስፈልገው ኖራ በሄክታር 20 ወይም 30 ኩንታል ሊደርስ ስለሚችል፣ ማጓጓዣውም ውድ ስለ ሆነ፣ ልኩ ሳይታወቅ የሚበተን አይደለም።

፪፤ ናሙናው ትንሽ፣ መሬቱ ሰፊ ስለ መሆኑ

አንድ ሹም ስለ ናሙና አወሳሰድ ጥንቃቄ እንዲያደርግ የሚያስገድደውን ምክንያት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የአንድ ሄክታር ማሳ ስፋት 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ማረሻ የሚደርስበት የላይኛው አፈር 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ አፈሩ 2,000 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል፤ አንዱ ኪዩቢክ ሜትር 1,200 ኪሎ ቢመዝን ጠቅላላው 2,400,000 ኪሎ ወይም 24,000 ኩንታል ነው። መመርመሪያ ቤቱ ግን ኮምጣጣነቱን ለመለካት 10 ግራም ያህል ወስዶ በ25 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠብጠዋል፤ ለሌሎቹም ምርመራዎች የሚመዝነው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ ያች 10 ግራም ስለ 240 ሚሊዮን ጊዜ እጥፏ ትመሰክራለች ማለት ነው። ምስክርነቷ እውነተኛ የሚሆነው ከማሳው ሁሉ ተውጣጥታ የተገኘች እንደ ሆነ ነው።

አንድ ስሕተት ብቻ ምን ያህል እንደሚያጠፋ ለማስረዳት ምሳሌ እነሆ። ከአንድ ደካማ ማሳ 15 ጭብጥ አፈር ተወሰደ እንበል። አሥራ አራቱ ጭብጦች ከእውነተኛው ማሳ ተወስደው እያንዳንዳቸው በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ፎስፎረስ አላቸው። አሥራ አምስተኛው ግን ዱሮ የከብት በረት ከነበረበት ስፍራ ስለ ተነሣ በኪሎ 150 ሚሊ ግራም አለው። ሁሉም ተደባልቆ ሲመረመር ውጤቱ ከ14 በላይ ይሆናል። ስለዚህ የተራበው ማሳ ከእውነቱ ሦስት እጥፍ ያህል የጠገበ መስሎ ይታያል፤ ገበሬውም ማዳበሪያ አያስፈልግህም ይባላል። በዚያ ዓመት ጎተራው ባዶ ሲቀር ምክንያቱ አንድ ጭብጥ አፈር መሆኑን የሚያውቅ አይኖርም።

፫፤ ማሳውን ስለ መለየት

አንድ ናሙና ስለ አንድ ዓይነት ማሳ ብቻ መናገር አለበት። ስለዚህ አፈር ከመነሣቱ በፊት ከማሳው ባለቤት ጋር መሬቱን ዞሮ ማየት ያስፈልጋል። የአፈሩ ቀለም፣ የተዳፋቱ ሁኔታ፣ የተዘራው እህል፣ የተጣለው ማዳበሪያ፣ ጦም ያደረበትም ጊዜ የተለያየ ከሆነ ማሳው ተከፍሎ ለየክፍሉ የተለየ ናሙና ይወሰድለታል።

በአንድ ይዞታ ላይ ከላይ በኩል ቀይ ተዳፋት፣ ከታች በኩል ውሃ የሚቋጥር መረሬ ቢኖር፣ ሁለቱን መቀላቀል ትልቅ ስሕተት ነው። ቀዩ እጅግ ኮምጣጣ፣ ጥቁሩ ግን ምንም ኮምጣጣነት የሌለበት ሊሆን ይችላል። ተቀላቅለው ሲመረመሩ የሚገኘው ቁጥር የቀዩም የጥቁሩም አይደለም። በዚያ ቁጥር ኖራ ቢታዘዝ ለቀዩ አይበቃውም፤ ለጥቁሩ ደግሞ ይበዛበታል፤ ኖራ ያለ መጠን የበዛበት መሬትም ዚንኩና ብረቱ ለተክሉ እንዳይደርሱ ያደርጋል።

ማሳውን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ያረሰው ሰው ነው። የት እህል እንደሚቀጭጭ፣ የት ውሃ እንደሚተኛ፣ የት ቤት ወይም በረት እንደ ነበረ እርሱ ይናገራል። እርሱን ሳይጠይቁ አፈር አንሥቶ መሄድ ምስክር ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው። ደግሞም ገበሬው መሬቱ ሲቆፈርና አፈሩ በከረጢት ሲወሰድ ባየ ጊዜ፣ ግብር ሊጨመርብኝ ነው ወይም መሬቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ሊሠጋ ይችላል። ሹሙ አስቀድሞ የሥራውን ዓላማ በግልጽ ቢያስረዳው ሥጋቱ ይወገዳል፤ ማሳውን በሚመለከትም እውነተኛ መልስ ይሰጣል።

፬፤ አፈሩን ከማሳው ስለ ማንሣት

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ቀላል ነው፤ የአፈር መሰርሰሪያ፣ እርሱ ባይገኝ አካፋ ወይም ዶማ፣ ንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ፣ መለኪያ፣ ከረጢት፣ ወረቀትና እርሳስ። ባልዲው ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል፤ አፈሩ ስለ ዚንክ የሚመረመር ከሆነ ባልዲው ራሱ የሐሰት ምስክር ይሆናልና። ማዳበሪያ፣ ኖራ፣ ጨው ወይም ሲሚንቶ የነበረበት ከረጢት፣ ምንም ቢራገፍና ቢታጠብ፣ ለናሙና አይሆንም።

ሠራተኛው ማሳውን ከጥግ ወደ ጥግ እንደ እባብ አካሄድ እየተጠማዘዘ ያቋርጠዋል፤ በመንገዱም ላይ ከ15 እስከ 20 በሚደርሱ ስፍራዎች ይቆማል። በእያንዳንዱ ስፍራ ገለባውንና ሣሩን ከላይ ይጠርጋል፤ አፈሩን ግን አይፍቅም፤ የላይኛው ንጣፍ የምርመራው ዋና ክፍል ነውና። ከዚያ እስከ 20 ሳንቲሜትር፣ ይኸውም ወደ አንድ ስንዝር የሚጠጋ፣ ቆፍሮ የጉድጓዱን አንድ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በእኩል ውፍረት ሸርፎ አንድ ጭብጥ ያህል ወደ ባልዲው ይጨምራል። ከላይ ሰፍቶ ከታች የጠበበ ቁራጭ እንዳይወሰድ መጠንቀቅ ይገባል፤ የላይኛው አፈር ከታችኛው ይልቅ የለማ ስለ ሆነ ውጤቱን ያዛባዋል። የሁሉም ስፍራ ጥልቀትና ጭብጥ እኩል ይሁን።

አፈር የማይነሣባቸው ስፍራዎች የሚከተሉት ናቸው፤ የማሳው ዳርቻና ድንበር፣ የመንገድ አጠገብ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ኩይሳና የኩይሳ ፍራሽ፣ የፍግ ክምር የነበረበት፣ አሮጌ በረትና አውድማ፣ ገለባ ወይም ከሰል የተቃጠለበት፣ ውሃ የሚተኛበት ጎድጓዳ፣ የእርከን ጫፍ፣ ማዳበሪያ በቅርብ ጊዜ የተጣለበት ትልም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስነቅፈው በመኪና የሚደረስበትን መሬት ብቻ እየመረጡ አፈር ማንሣት ነው። የመንገድ ዳር ማሳ ስለ ወረዳው ሁሉ ሊመሰክር አይችልም። እንዲሁም እርዳታ ለማግኘት ሲባል የከፋውን ቦታ፣ ምስጋና ለማግኘት ሲባል ያማረውን ቦታ መርጦ መላክ በሐሰት እንደ መመስከር ይቆጠራል።

ጥልቀቱ እንደ ተክሉ ይለያያል። ሥሩ ወደ ታች ለሚወርደው ለቡናና ለፍራፍሬ ከ20 ሳንቲሜትር በታች ያለውም አፈር ለብቻው ይነሣል። በአዋሽ ሸለቆ እንደ አሚባራ ባሉት በመስኖ በሚለሙ ቆላማ አገሮች ጨው ከታች ወደ ላይ ስለሚወጣ እስከ 30፣ ከ30 እስከ 60፣ ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር ያለው አፈር በየደረጃው ተለይቶ ይነሣል። በየደረጃው የተነሣው አፈር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም።

፭፤ አፈሩን ስለ ማዘጋጀትና ስለ ማድረቅ

በባልዲው የተጠራቀመው አፈር በንጹሕ ሸራ ላይ ይዘረገፋል፤ ጓሉ በእጅ ይፈረካከሳል፤ ሥርና ድንጋይ ይለቀማል፤ ከዚያም በደንብ ይቀላቀላል። ለመመርመሪያ ቤቱ የሚበቃው ግማሽ ኪሎ ወይም አንድ ኪሎ ስለ ሆነ፣ የቀረውን መቀነስ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከላዩ ዘግኖ መውሰድ አይገባም፤ ደቃቁ ወደ ታች፣ ሻካራው ወደ ዳር ይወርዳልና። አፈሩ እንደ ቂጣ ክብ ሆኖ ይዘረጋል፤ በመስቀል ምልክት ከአራት ይከፈላል፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ሩቦች ይጣላሉ፤ የቀሩት ሁለቱ እንደ ገና ይቀላቀላሉ። የሚፈለገው መጠን እስኪቀር ድረስ ይህ ሥራ ይደጋገማል።

እርጥብ አፈር በላስቲክ ታሽጎ የሰነበተ እንደ ሆነ በውስጡ ያሉት ዓይን የማያያቸው ሕያዋን ሥራቸውን ስለማያቆሙ የናይትሮጅኑ ሁኔታ ይለዋወጣል። ስለዚህ አፈሩ በደረሰበት ቀን በንጹሕ ወረቀት ወይም ሸራ ላይ ስስ ሆኖ ተሰጥቶ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ይደርቃል። በፀሐይ፣ በምድጃ አጠገብ ወይም በምጣድ ላይ ማድረቅ ክልክል ነው፤ ብርቱ ሙቀት የአፈሩን ጠባይ ይለውጣል። ከማድቤት የሚበንነው አመድም ፖታሲየምና ኖራማ ነገር ስላለበት ጥቂቱ እንኳ ኮምጣጣውን መሬት ያልኮመጠጠ ሊያስመስለው ይችላል። ዶሮና ፍየል በማይደርሱበት ክፍል መቀመጥ እንዳለበት መናገርም የሚያስቅ አይሁን፤ ብዙ ናሙና የሚበላሸው እንዲህ ባለው ትንሽ ነገር ነው።

የደረቀው አፈር በንጹሕ የእንጨት ሙቀጫ ቀስ ብሎ ይደቆሳል፤ ጠጠር ግን አይሰበርም። ከዚያ ቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር በሆነ ወንፊት ይነፋል። ወረዳው ይህ ወንፊት የሌለው እንደ ሆነ አፈሩን አድርቆ ብቻ ቢልከው መመርመሪያ ቤቱ ይነፋዋል፤ በቤት ዱቄት ወንፊት መንፋት ግን አይገባም። ከአንዱ ናሙና ወደ ሌላው በሚታለፍበት ጊዜ ሙቀጫውና ወንፊቱ ተጠርገው ይጸዱ።

፮፤ ስለ ጽሕፈቱና ስለ መዝገቡ

ስም የሌለው ናሙና ማንነቱ እንዳልታወቀ ሰው ነው፤ ማንም አይቀበለውም። በእያንዳንዱ ከረጢት ሁለት ጽሕፈት ይደረጋል፤ አንዱ ከውስጥ በትንሽ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሁለተኛው ከውጭ ታስሮ። ጽሕፈቱ በእርሳስ ይሁን፤ ቀለም እርጥበት ባገኘው ጊዜ ይፈሳልና።

በወረዳው መዝገብ ላይ ለእያንዳንዱ ናሙና የሚከተለው ይመዘገባል፤ የናሙናው ቁጥር፤ አፈሩ የተነሣበት ቀን፤ ወረዳውና ቀበሌው፤ የማሳው ባለቤት ስምና ማሳው በአገሩ ሰዎች የሚጠራበት ስም፤ ስፋቱ በሄክታር፤ በጂፒኤስ መሣሪያ የተለካው አቅጣጫና ከፍታ፤ የአፈሩ ቀለምና ተዳፋቱ፤ ያለፈው ዓመት እህልና ሊዘራ የታሰበው እህል፤ የተጣለው ማዳበሪያ ወይም ኖራ በዓይነትና በመጠን፤ ጥልቀቱ፤ የጭብጦቹ ቁጥር፤ አፈሩን ያነሣው ሠራተኛ ስም። ሊዘራ የታሰበው እህል መጻፉ ትርፍ ነገር አይምሰል፤ ለጤፍ የሚሰጠው ምክር ለባቄላ ከሚሰጠው ይለያልና።

ቁጥሩ የወረዳውን ስም ምሕጻርና ዓመቱን ይያዝ። አንድ መመርመሪያ ቤት ከብዙ ወረዳዎች አፈር ይቀበላል፤ ሁሉም ወረዳ ከአንድ ጀምሮ ቢቆጥር በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ አንደኛ ይገኛል። የአንዱ ገበሬ ውጤት ለሌላው የሚደርሰው እንዲህ ሲሆን ነው።

፯፤ ስለ አላላክና ስለ ጋራው ቤት ሥርዓት

በየክልሉ፣ ለምሳሌ በባሕር ዳር፣ በደሴ፣ በነቀምቴ፣ በበደሌና በሐዋሳ፣ የአፈር መመርመሪያ ቤቶች ተቋቁመዋል። እያንዳንዱ ቤት የአንድ ሹም ወይም የአንድ ባለ ሰፊ እርሻ ንብረት ሳይሆን የብዙ ወረዳዎች የጋራ ሀብት ነው። የጋራ ምንጭ በአንዱ ሰው እንደሚደፈርስ ሁሉ፣ የጋራ መመርመሪያ ቤትም በአንዱ ላኪ ግዴለሽነት ይታወካል። የተቀደደ ከረጢት በሣጥኑ ውስጥ የፈሰሰ እንደ ሆነ የጎረቤቱን ናሙና ያበላሻል፤ ጽሕፈት የጎደለው ናሙና ሠራተኛውን በደብዳቤ መላላክ ያደክመዋል፤ በዚያም ጊዜ የሌሎቹ ተራ ይዘገያል።

ስለዚህ ላኪው አስቀድሞ ለመመርመሪያ ቤቱ ጽፎ ወይም በስልክ አስታውቆ ስንት ናሙና እንደሚልክ፣ ምን ምን ምርመራ እንደሚፈልግ፣ ክፍያው ስንት እንደ ሆነና መቼ እንደሚቀበሉት ይረዳ። የሚጠየቀው ምርመራ ለተፈለገው ጉዳይ የሚበቃ ይሁን። ጥያቄው ኖራ ይጣል ወይስ አይጣል የሚል ከሆነ ዋናው የኮምጣጣነቱ ልክ ነው፤ ያለ ምክንያት ሁሉም ይመርመር ማለት ገንዘብን ያባክናል፣ ተራን ያስረዝማል። ናሙናዎቹ በቁጥር ተራ በጠንካራ ሣጥን ይደረደሩ፤ ከማዳበሪያ፣ ከኖራና ከነዳጅ ጋር በአንድ መኪና አይጫኑ። የናሙናዎቹ ዝርዝር በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ከሣጥኑ ጋር ይሂድ፤ ሁለተኛው ተቀባዩ ፈርሞበት ይመለስ። ከእያንዳንዱ ናሙና ጥቂቱ በወረዳው መሥሪያ ቤት ደርቆ ተጠብቆ ይቆይ፤ መንገድ ላይ ጉዳት ቢደርስ ወይም ውጤቱ ቢያጠራጥር ይፈለጋልና።

ተራን በሥልጣን ማለፍ ነውር ነው። የትልቅ ሹም ወይም የሰፊ እርሻ ጌታ አፈር ከደኻው ገበሬ አፈር የሚበልጥበት ምክንያት የለም፤ ዝናቡ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ይመጣል።

ስለ ጊዜው የሚጠበቀው ሥርዓት በክረምት ዝናብ ለሚታረሰው አገር እንደሚከተለው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ እህሉ ሲሰበሰብ ማሳዎቹ ይመረጣሉ። በጥር መሬቱ ሳይታረስና ማዳበሪያ ሳይነካው አፈሩ ይነሣል፣ ይደርቃል፣ ይላካል። በመጋቢት ውጤቱ ይጠየቃል። በሚያዝያ ኖራውና ማዳበሪያው ይጓጓዛል፤ ኖራ ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ ሥራውን እንዲሠራ ከዘር በፊት አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ መበተን ይገባዋልና። ናሙናውን በግንቦት የላከ ወረዳ ውጤቱን የሚያገኘው እህሉ ከበቀለ በኋላ ነው።

፰፤ ውጤቱን ስለ መረዳትና ለገበሬው ስለ መመለስ

ከመመርመሪያ ቤቱ በሚመጣው ወረቀት ላይ በመጀመሪያ የሚታየው ፒኤች የሚባለው የኮምጣጣነት መለኪያ ነው። 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል፤ ከ5.5 በታች ሲሆን አሉሚኒየም የተባለው ማዕድን በአፈሩ ውስጥ እየሟሟ ሥርን ይመርዛል። የዚህ መለኪያ አቆጣጠር እንደ ተራ ቁጥር አይደለም፤ 5 የሆነው አፈር 6 ከሆነው በአሥር እጥፍ ይኮመጥጣል። ስለዚህ 5.8ና 4.8 የሚሉት ቁጥሮች የተቀራረቡ መስለው ሹሙን እንዳያታልሉት።

ፎስፎረስን ለመለካት ልዩ ልዩ ስልት አለ፤ ኦልሰን የተባለው በ1954፣ ሜሊክ ሦስተኛ የተባለው በ1984 የወጡ ናቸው። ሁለቱ ከአንድ አፈር የተለያየ ቁጥር ያወጣሉ። ስለዚህ የዘንድሮውን ውጤት ካለፈው ወይም የአንዱን ወረዳ ከሌላው ለማነጻጸር በመጀመሪያ ስልቱ አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። ናይትሮጅንን የሚለካው ስልት ዴንማርካዊው ዮሐን ኬልዳል በ1883 ያወጣው ሲሆን፣ የአፈሩን ብስባሽ ለማወቅ የሚያገለግለው የዎክሊና የብላክ ስልት ደግሞ በ1934 የወጣ ነው።

ውጤቱ በሹሙ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ የቀረ እንደ ሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። አፈሩ የተነሣበት ማሳ ባለቤት ውጤቱን በሚገባው ቋንቋ የመስማት መብት አለው፤ በሄክታር የተጻፈውም ምክር በእርሱ ማሳ ልክ ተሰልቶ ይነገረው። የማሳው ስፋት ሩብ ሄክታር ከሆነ 20 ኩንታል ኖራ የሚለው ምክር ለእርሱ 5 ኩንታል ነው። ይህን ስሌት ገበሬው ላይ መተው አይገባም። አፈሩ ተወስዶበት መልስ ያላገኘ ገበሬ በሚመጣው ዓመት ሠራተኛውን ወደ ማሳው አያስገባም፤ ቢያስገባም ማሳውን በሚመለከት እውነቱን አይነግረውም።

፱፤ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፤ በመኸር ጊዜ ዝናብ እየዘነበ አፈር ማንሣት ይቻላልን?
መልስ፤ ጭቃ የሆነ አፈር በእኩል አይቀላቀልም፤ ለመድረቅም ይዘገያል። ስለዚህ መሬቱ እስኪጠነፍፍ መጠበቅ ይሻላል። በየጊዜው የሚደረገውም ምርመራ በአንድ ዓይነት ወቅት ቢሆን ማነጻጸር ይቻላል።

ጥያቄ፤ የመመርመሪያ ቤቱን ሥራ ላኪው ሊፈትን ይችላልን?
መልስ፤ ይችላል። አንድን በደንብ የተቀላቀለ አፈር ከሁለት ከፍሎ በሁለት የተለያየ ቁጥር ቢልክ፣ ውጤቶቹ የተቀራረቡ ከሆኑ ሥራው የታመነ ነው። እጅግ ከተራራቁ ሹሙ ያስቀመጠውን ቀሪ አፈር ልኮ በትሕትና እንደ ገና እንዲመረመር ይጠይቅ።

ጥያቄ፤ ውጤቱ ገበሬው ከሚያውቀው ጋር ቢጋጭ ማንን ማመን ይገባል?
መልስ፤ በችኮላ አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ አይገባም። በመጀመሪያ መዝገቡ ይታይ፤ ቁጥር ተለዋውጦ እንደ ሆነ ይመርመር። ከዚያ ማሳው ላይ ወርዶ አፈሩን ዳግመኛ ማንሣት ያስፈልጋል። በጥርጣሬ ጊዜ ኖራውንም ማዳበሪያውንም በማሳው ሁሉ ከመበተን በፊት በአንድ ጠባብ መደብ ላይ ፈትኖ ማየት ጥበብ ነው።

ጥያቄ፤ ለወረዳው የተመደበው ገንዘብ ለጥቂት ናሙና ብቻ የሚበቃ ቢሆን ምን ይደረግ?
መልስ፤ የአፈሩ ዓይነት፣ ከፍታውና የሚዘራው እህል ተለይቶ፣ ለየዓይነቱ ደኅና ተደርገው የተነሡ ጥቂት ናሙናዎች ይላኩ። በጥንቃቄ የተነሡ 20 ናሙናዎች በግዴለሽነት ከተነሡ 200 ይሻላሉ።

ጥያቄ፤ አንድ ጊዜ የተመረመረ መሬት ዳግመኛ የሚመረመረው መቼ ነው?
መልስ፤ በየሦስት ወይም በየአምስት ዓመቱ ነው። ኖራ የተበተነበት ማሳ ግን ልኩ የደረሰ መሆኑን ለማወቅ ቀደም ብሎ ይመርመር። ስለዚህ መዝገቡ ሹም በተለወጠ ቁጥር ሳይጠፋ ለሚተካው ሹም በፊርማ መተላለፍ አለበት።